አሮጌው የቤት ራውተር ይለወጥ ወይስ ይታደስ?

ነጋዴ የሥራ መሣሪያውን ሁሉ በሒሳብ ያያል። ሚዛኑ የተዛባ እንደ ሆነ ያስተካክለዋል፤ የመኪናው ጎማ ያለቀ እንደ ሆነ መንገድ ላይ ሳይጥለው ይለውጠዋል፤ የመጋዘኑ ቁልፍ የላላ እንደ ሆነም ሌሊቱ ሳይመጣ ያሠራዋል። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ከእነዚህ ያላነሰ አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ዕቃ በየቤቱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ሳለ፥ እስኪበላሽ ድረስ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ይህም ዕቃ ከውጭ የመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ ያለ ሽቦ ለቤቱ ሁሉ የሚያከፋፍለው ራውተር የተባለው መሣሪያ ነው።

ጉዳዩ የቤት ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ በንግድ ጋዜጣ ላይ ስፍራ ባላስፈለገውም ነበር። ነገር ግን የነጋዴው ቤት ከመሸ በኋላ ሁለተኛ ቢሮው ሆኗል። አስመጪው ከውጭ አገር ሻጭ የተላከለትን ፕሮፎርማና የሌተር ኦፍ ክሬዲት ወረቀት የሚመረምረው ከእራት በኋላ ነው። ቡናና ሰሊጥ የሚልከው ነጋዴ፥ የገዢው አገር ሰዓት ከእኛው ስለሚለይ፥ ውሉን የሚዋዋለው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሆኖ ነው። ባለሱቁም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በቴሌብርና በየባንኩ የስልክ አገልግሎት የገባለትን ገንዘብ የቀኑን ሽያጭ ሲዘጋ ያመሳክራል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች አቧራ በለበሰች ሣጥን ውስጥ ነው።

በዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ ይታያሉ። አንደኛው ወገን ኢንተርኔቱ ጥቂት በዘገየ ቁጥር ወደ ሱቅ ሮጦ ውድ የሆነውን አዲስ ዐይነት ይገዛል፤ ከገዛም በኋላ ፍጥነቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መብራቱ እስከ በራ ድረስ ዕቃው ደኅና ነው ብሎ ዐሥር ዓመት ያቆየዋል። የመጀመሪያው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ ሁለተኛው ግን ከራውተሩ ዋጋ እጅግ የሚበልጠውን ንብረቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ትክክለኛው መንገድ በዕቃው ዕድሜ ወይም በሻጩ ምክር ሳይሆን በምርመራ መወሰን ነው።

መጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ነው። ኢንተርኔቱ በዘገየ ጊዜ ሁሉ ራውተሩን መክሰስ፥ ዋናው የውኃ ቧንቧ በቀጠነ ጊዜ ባልዲውን እንደ መለወጥ ይቆጠራል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ለጊዜው ተለያይተው፥ አንድ ኮምፒዩተር በሽቦ ከራውተሩ ጋር ተያይዞ ፍጥነቱ ይለካል። በሽቦ የተገኘው ፍጥነት በየወሩ ከሚከፈልበት ውል ጋር ተስማምቶ በሽቦ አልባው ብቻ የሚቀንስ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱ በራውተሩ ወይም በተቀመጠበት ስፍራ ነው። በሽቦም ቢሆን ከውሉ በታች ከሆነ ግን፥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አገልግሎት ሰጪውን ድርጅት መጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ የመስመሩን ዐይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው አገልግሎት በተሻሻለው ዐይነቱ እንኳ ከ24 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ብዙም አያልፍም፤ ቤቱ ከቴሌፎን ጣቢያው በራቀ መጠንም ይቀንሳል። እንዲህ ባለው መስመር ላይ በሺህ የሚቆጠር ሜጋ ቢት አከፋፍላለሁ የሚል ራውተር ቢተከል መስመሩን አያፈጥነውም። በአንጻሩ ግን ቤቱ የፋይበር መስመር ገብቶለት ከ100 ሜጋ ቢት የሚበልጥ ውል የተዋዋለ ሰው፥ የአሮጌው ራውተር የሽቦ መሰኪያ በ100 ሜጋ ቢት የተወሰነ እንደ ሆነ፥ የከፈለበትን ሙሉ ፍጥነት ከቶ አያገኝም። ለእንዲህ ያለው ሰው መለወጡ ቅንጦት ሳይሆን የከፈለበትን መረከብ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ያለ ወጪ የሚደረገው ነው። ራውተር በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ፥ ከወፍራም ግንብ ጀርባ ወይም በቤቱ ጥግ ከተቀመጠ ኀይሉ ይባክናል፤ ከፍ ባለ ስፍራ፥ በቤቱ መካከል ሊቀመጥ ይገባል። ብዙዎቹ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ግንብን ዐልፎ ሩቅ ይደርሳል፥ ነገር ግን ዝግ ያለና በጎረቤት መሣሪያዎች የተጨናነቀ ነው፤ 5 ጊጋ ኸርዝ የተባለው ደግሞ ፈጣን ሆኖ ሳለ ግንብ ያደክመዋል። ባለቤቱ ይህን ዐውቆ በቅርብ ያለውን ኮምፒዩተር በሁለተኛው፥ በሩቅ ክፍል ያለውን ስልክ በመጀመሪያው ቢያገናኝ ብዙ ቅሬታ ይወገዳል። ደግሞም መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ራውተሩ ሳይሆን የኤሌክትሪክ መቀበያው አዳፕተር ነው። ቮልቱ የተመሳሰለ፥ አምፔሩ የማያንስ፥ መሰኪያውም የሚስማማ ሌላ አዳፕተር ተሞክሮ ሳይታይ ራውተሩ ሞቷል ብሎ መጣል የሚገባ አይደለም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ስለ ጥበቃ ነው። ራውተር ብረትና ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሚሠራበት ፕሮግራም አለው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ሌቦች ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ፋብሪካው ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣል። ነገር ግን ፋብሪካ ለአንድ ዕቃ ለዘለዓለም አያስብም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድጋፉን ያቆማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን ይቀራል። መብራቱ ይበራል፥ ኢንተርኔቱም ይመጣል፤ ዳሩ ግን ዕቃው ቁልፉ በገበያ እየተቀረጸ እንደሚሸጥ መጋዘን ሆኗል።

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቪ.ፒ.ኤን.ፊልተር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 በሚሆኑ ራውተሮችና መሰል መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ መገኘቱ ተገልጧል። በሜይ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ፥ ፋብሪካዎቻቸው ድጋፍ ያቆሙላቸው አሮጌ ራውተሮች በወንጀለኞች እጅ እየገቡ መሸሸጊያ መንገድ መሆናቸውን ገልጦ፥ ባለቤቶቻቸው እንዲለውጧቸው አስጠንቅቋል። ራውተሩን የያዘ ሌባ የባለቤቱን አድራሻ ለብሶ ወንጀል ሊሠራ ይችላል፤ ባለቤቱ የባንኩን ገጽ ሲጠራም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራው ይሞክራል። የዛሬዎቹ የባንክ ገጾች ይህን የሚከላከሉበት ምስጢራዊ ማኅተም ቢኖራቸውም፥ የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍ ሳያነብ የሚያልፍ ችኩል ሰው ከጉዳት አይድንም። አንድ ክፍያ ወደ ሌላ ሰው የሒሳብ ቁጥር ከሄደ በኋላ ለማስመለስ የሚደረገው ድካም ምን ያህል እንደ ሆነ ከነጋዴ የተሰወረ አይደለም።

እርግጥ ነው፥ በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቆጠር ከብዷል፤ የሚሠራ ዕቃ ጥሎ ሌላ መግዛት አባካኝነት ነው የሚሉ አሉ። አባባላቸው ግማሽ እውነት አለው። ስለዚህም ነው ከመግዛት በፊት ያለውን ማደስ የሚቀድመው። ፋብሪካው አሁንም የሚደግፈው ራውተር ከሆነ፥ የመጨረሻውን ማሻሻያ መጫን፥ ከፋብሪካ የመጣውን የመቆጣጠሪያ የይለፍ ቃል መለወጥ፥ ከውጭ ሆኖ ራውተሩን የማዘዝን በር መዝጋት፥ ለእንግዶችና ለልጆች የተለየ መረብ መክፈት ይበቃል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ራውተሩ የአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ንብረት የሆነ እንደ ሆነም፥ ማሻሻያውንም ሆነ ምትኩን ከድርጅቱ መጠየቅ ይቀድማል።

ፋብሪካው ለተወው ዕቃም አንድ መጠለያ አለ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ኦፕን ደብልዩ.አር.ቲ. የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለብዙ ዐይነት ራውተሮች አዲስ ሕይወት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ለሁሉ የሚሆን አይደለም፤ 4 ሜጋ ባይት ማከማቻና 32 ሜጋ ባይት ማስታወሻ ብቻ ያላቸው አሮጌዎች ለአዲሱ ፕሮግራም አይበቁም። የዕቃው ሞዴል በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጥ፥ ሥራውንም በማያውቅ እጅ የሚሞክር ሰው፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል።

እድሳቱ በማይቻልበት ጊዜ ግን የተቃዋሚዎቹ ሒሳብ ይወድቃል። የራውተሩ ዋጋ ሊያገለግል በሚችልባቸው ዓመታት ቢካፈል የወር ድርሻው ትንሽ ነው፤ በሌላው የሚዛን ሳሕን ላይ የተቀመጠው ግን የነጋዴው የባንክ ሒሳብና የደንበኞቹ ምስጢር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ለመለወጥ የወሰነ ሰው ምን ይግዛ? የሽቦ አልባ መረብ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ትውልዶቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ የ2009ኙ ዋይፋይ 4፥ የ2013ቱ ዋይፋይ 5፥ ከ2019 ጀምሮ የተመሰከረለት ዋይፋይ 6፥ ከ2024 ጀምሮ የተመሰከረለት ዋይፋይ 7 ይባላሉ። ለአብዛኛው የነጋዴ ቤት ዋይፋይ 6 ይበቃል፤ መስመሩ ትንሽ፥ ስልኮቹም አሮጌ በሆኑበት ቤት ለሰባተኛው ትውልድ ተጨማሪ መክፈል ከንቱ ነው። በጥበቃ በኩል በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደብልዩ.ፒ.ኤ.3 የተባለው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ይመረጣል፤ አሮጌ ስልኮች እንዳይቀሩም ከደብልዩ.ፒ.ኤ.2 ጋር በአንድነት ሊሠራ ይችላል። መሣሪያው ከቤቱ መስመር፥ ማለት ከመዳቡ ወይም ከፋይበሩ ጋር መስማማቱ ይጠየቅ። ቤቱ ሰፊ ወይም ፎቅ እንደ ሆነም፥ አንድ ውድ ራውተር ከመግዛት በሽቦ የተያያዘ ሁለተኛ ማሠራጫ መጨመር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን ገዢው “ፋብሪካው ለዚህ ሞዴል እስከ መቼ ማሻሻያ ያወጣል?” ብሎ ይጠይቅ።

ይህ ጥያቄ ሻጩንና አስመጪውንም ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ሕግ፥ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ዕቃ ለሁሉ አንድ በሆነ በቀላሉ በሚገመት የይለፍ ቃል እንዳይሸጥና የማሻሻያው ዘመን እንዲገለጥ ያዛል። የአውሮፓ ኅብረትም በዚሁ ጉዳይ ያወጣው ደንብ ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 11 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይጸናሉ። እንዲህ ያለው በር በሌላው አገር ሲዘጋ፥ በዚያ የማይሸጠው ዕቃ በርካሽ ዋጋ ወደ ሌላ ገበያ ሊገፋ እንደሚችል አስተዋይ አስመጪ አይስተውም። ድጋፉ ሊያልቅ አንድ ዓመት የቀረውን ዕቃ በርካሽ አምጥቶ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ይመስላል፤ ደንበኛው ነገሩን ባወቀ ጊዜ ግን የሚጠፋው የሱቁ ስም ነው። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት የድጋፉን ዘመን በጽሑፍ ከፋብሪካው ይቀበል፤ ባለሱቁም ያንኑ በሽያጭ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። መንግሥት እስኪያዝዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የነጋዴ ቃል ከሕግ ቀድሞ የነበረ ነው።

በመጨረሻም የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለዘመድ ወይም ለገበያ ከመሰጠቱ በፊት በውስጡ ያለው ቃልና አድራሻ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ተመልሶ ይደምሰስ። ድጋፉ ያበቃውን ዕቃ ግን ለሌላ ሰው መስጠት አደጋውን ማስተላለፍ እንጂ ቸርነት አይደለም።

እንግዲህ ውሳኔው በሦስት ቃል ይጠቃለላል። ጥፋቱ የመስመሩ ከሆነ ራውተሩ ይቆይ፤ ጥፋቱ የስፍራው ወይም የአያያዙ ከሆነ ይስተካከል፤ ፋብሪካው የተወው ከሆነና ሌላ መጠለያም የሌለው ከሆነ፥ ምንም እንኳ መብራቱ ቢበራ፥ ሳይዘገይ ይለወጥ። በዓመት አንድ ጊዜ የዕቃ ቆጠራ የሚያደርግ ነጋዴ፥ በዚያው ቀን የራውተሩን ሞዴልና የድጋፉን ዘመን በመዝገቡ ላይ ቢያሰፍር፥ ይህ ጥያቄ ሁለተኛ አያስጨንቀውም።