ቆሞ መገጨት ያዋጣልን?

ማናቸውም ዘዴ የሚመዘነው በሚያስገኘው ጭብጨባ ሳይሆን ከትርፉ ላይ ኪሣራው ተቀንሶ በሚቀረው ነው፡፡ በአሜሪካ የኤን ቢ ኤ የቅርጫት ኳስ ውድድር «ቻርጅ» ስለሚባለው የመከላከል ዘዴ የቆየውን ክርክር በዚሁ ሚዛን ልናየው እንወዳለን፡፡

ዘዴው ይህ ነው፡፡ አጥቂው ወደ ቅርጫቱ ሲገሠግሥ ተከላካዩ ቀድሞ መንገዱ ላይ ይቆማል፤ በደረቱም ተገጭቶ ይወድቃል፡፡ አጥቂው ለመወርወር ከመነሣቱ በፊት ቦታውን ይዞ ከተገኘ ጥፋቱ የአጥቂው ነው፤ ኳሱም ለተከላካዩ ቡድን ይሰጣል፡፡ ዘግይቶ ከደረሰ ግን ጥፋቱ የራሱ ይሆናል፤ አጥቂውም ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል፡፡ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር የ4 ጫማ ቅስት ስለተሠመረ፣ ለርዳታ የደረሰ ተከላካይ በዚያ ውስጥ ቆሞ ይህን ፍርድ ሊያገኝ አይችልም፡፡

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ፡፡ በቅርብ ዓመታት ከቅርጫቱ አጠገብ ከሚወረወሩት 100 ኳሶች 65 ያህሉ ይገባሉ፤ ይኸውም 10 ሙከራ 13 ነጥብ ያስገኛል ማለት ነው፡፡ ከ100 የቅጣት ውርወራ ደግሞ 78 ያህሉ ስለሚገባ፣ ሁለቱ ውርወራ በአማካይ ከአንድ ነጥብ ተኩል ጥቂት ይበልጣል፡፡ እንግዲህ 10 ጊዜ ለቆመ ተከላካይ 4ቱን ቢፈርዱለትና 6ቱን ቢፈርዱበት፣ የሚቈጠርበት 9 ነጥብ ያህል ነው፤ ከ13ቱ 4 አተረፈ፡፡ የሚፈረድለት አንዴ ብቻ ከሆነ ግን 14 ስለሚቈጠርበት ይከስራል፡፡ እንደ ኤርሳን ኢሊያሶቫና እንደ ካይል ላውሪ ያሉት ተጫዋቾች በዚህ ጥበብ የተመሰገኑት በከንቱ አይደለም፡፡

ነገር ግን ይህ ሒሳብ ያልያዛቸው ነገሮች አሉ፡፡ ዳኛው ፊሽካውን ካልነፋ ተከላካዩ መሬት ላይ ተዘርግቶ ቡድኑ በአራት ሰው ይቀራል፡፡ ስድስት ጥፋት የሞላበትም ከጨዋታው ይወጣል፡፡ ረጅሙ ተከላካይ እጁን ቀጥ አድርጎ ቢዘል ሳይወድቅ ውርወራውን ሊያበላሽ ይችላል፡፡ ከሁሉ የሚከብደው ግን የአካል ጉዳት ነው፡፡ በ2023 ዓ.ም. አፕሪል 16 ቀን የሚልዋኪው ያኒስ አንቴቶኩንምፖ መንገዱ ላይ ከቆመው ከማያሚው ኬቪን ላቭ ጋር ተጋጭቶ ወገቡን በመጎዳቱ ሁለት ጨዋታ አምልጦታል፡፡ «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህም ይሠራል፡፡

በዚያም ላይ የተሳካ ቻርጅ ለአንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ አንድ እንኳ አይሞላም፡፡ በዚህ ብቻ መከላከያ አይገነባም፡፡ ሳይነኩ መውደቅንም ማኅበሩ ከ2023-24 ውድድር ጀምሮ በጨዋታው ላይ በአንድ የቅጣት ውርወራ ይቀጣዋል፡፡

እኛ የምንለው፣ ዘዴው የሚጠቅመው አስቀድሞ አይቶ በጊዜ ለሚደርስ ሰው ነው፤ ለዘገየው ግን ውድቀት ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ አሠልጣኞች ለተጫዋቾቻቸው ሊያስተምሩ የሚገባቸው አወዳደቅን ሳይሆን ቀድሞ መድረስን ነው፡፡ ቀድሞ የደረሰ ሰው አጥቂውን ያለ ግጭትም መመለስ ይችላልና፡፡