ወገባችን እያመመን «ዮጋ የማን ነው?» እንላለን

ባለፈው ቅዳሜ ኖርክሮስ፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ሳለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ዮጋ እንደምሠራ አምልጦኝ ተናገርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ጓደኛዬ «አንተ ሰውዬ፣ ለጣዖት መስገድ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ እዚያ ከነበርነው ስምንት ሰዎች አምስታችንን ወገባችንን ያመናል።

እኔ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ። በቀን ዘጠኝ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ደግሞ አይ-85 ላይ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። (ይህ አካባቢ ለእግረኛ የተሠራ አይደለም፤ ጂሚ ካርተር ቡሌቫርድን በእግሩ ለመሻገር የሞከረ ያውቀዋል።) ሁለት ዓመት ያህል በማስታገሻ ክኒን ነው የኖርኩት። ዮጋ የጀመርኩትም ፍልስፍናው ስቦኝ ሳይሆን ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ስላቃተኝ ነው።

የጓደኛዬን ጥርጣሬ አልንቀውም። ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ሕይወት መነሳቱን መካድ ሐቀኝነት አይደለም። በዚህ ጉዳይ የተቸገርነውም እኛ ብቻ አይደለንም። ጎረቤታችን አላባማ እ.ኤ.አ. በ1993 ዮጋን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አግዳ፣ እገዳውን ያነሳችው በ2021 ነው፤ ያኔም ቢሆን ዝማሬውንና «ናማስቴ» ማለትን ከልክላ፣ የእንቅስቃሴዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲጠራ ደንግጋ። እዚሁ ጆርጂያ፣ ኬኔሶ ያለው ቡላርድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በ2016 ወላጆች ሲያጉረመርሙ «ናማስቴ»ን ትቷል። እንቅስቃሴውን ይዞ ሌላውን መተው ይቻላል ማለት ነው። እኔ የምሄድበት ቦታ ዝማሬ የለም፤ ቢኖር አልሄድም ነበር። ለነገሩ በሰሞነ ሕማማት ሲሰግድ የዋለ ሰው መጎንበስና መነሳት ለሰውነታችን እንግዳ ነው ሊለኝ አይችልም። ስግደትና ዮጋ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ያ ጸሎት ነው፣ ይኼ ለእኔ የወገብ ጉዳይ ነው።

ይሠራል ወይ? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሌሎች ሕክምናዎች እንዲሞከሩ ሲመክር ዮጋንም ቆጥሮታል። በዚያው ዓመት የታተመና ቦስተን ውስጥ 320 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ደግሞ፣ ለ12 ሳምንት በሳምንት አንዴ ዮጋ የሠሩት ፊዚዮቴራፒ ከወሰዱት የማይተናነስ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ተአምር አይደለም። የእኔም ሕመም ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ጫማዬን ግን አስራለሁ።

ያልጠበቅሁት የስሜቱን ነገር ነው። ከአገር ቤት በሌሊት ስልክ ሲጠራ፣ ገና ሳላነሳው ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ይደርሳል። ይህን እንኳ ያወቅሁት መምህሯ «ትከሻህን ልቀቀው» ስትለኝ ነው። ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ይኼ የሰውነት አሠራር ነው፣ የየትኛውም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። የቪዛው ጣጣ፣ የሚላከው ገንዘብ፣ የአገር ቤቱ ወሬ ሁሉም እንዳለ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ መተኛት ጀምሬያለሁ። ሆኖም ድባቴ ውስጥ የገባ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ «ዮጋ ሥራበት» ብሎ መሸኘት ነውር ነው።

ተማሪዎች፣ ውድ ስቱዲዮ አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ ላይ የሚያርማችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ምንጣፍና በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድና የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ቅድሚያ ወደ ሐኪም። ደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው በጭንቅላት መቆሙን ይተወው።

የነፍስ አባት ያላችሁ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ወገባችሁን እንደሚያማችሁም ጨምራችሁ ንገሯቸው።