ጎንበስ ስል የሸሸችው

ማክሰኞ ጠዋት ደባርቅ መናኸሪያ ዳር፣ በፌስታል የያዝኩትን አጥንት ላስቀምጥላት ጎንበስ ስል አንዲት ቀይ አንካሳ ውሻ ጭራዋን ቆልፋ ተፈተለከች። አጥንቱ ገና ከእጄ አልወጣም። በእኛ ሀገር ፊቷ የሚያጎነብስ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ መሆኑን ውሻ ከእናቷ ጡት ጋር ትማረዋለች። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ስንቷን እንዳስደነበርኩ እንጃ።

ሚኒባስ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይህን አይቶ፣ «አይ ጋሼ! ሰው የሚበላው አጥቶ እርስዎ ለውሻ?» አለኝ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ጥያቄውን ታውቁታላችሁ፤ ስለ ውሻ በጻፍኩ ማግስት አይቀርም። መልሴም ያው ነው፦ እንዲህ የሚለኝ ሰው ለተራበ ሰው ሲሰጥ አንድ ቀን አላየሁትም። የማክሰኞውም ሰውዬ አጥንቱ ለማን እንደሚሻል ሳይነግረኝ ሚኒባሱ መጣለትና ሄደ።

አንዳንዱ ደግሞ «ለውሻ መጠለያ ይሠራ ሊል ነው» ብሎ ያማኛል። ብዬ አላውቅም። እዚህ አካባቢ «መጠለያ» ሲባል ትዝ የሚለን ሸራ ነው፤ በሰሜኑ ጦርነት ትምህርት ቤት ወለል ላይ የተኛው ተፈናቃይ፣ ዳባት አለምዋጭ ያለው ኤርትራዊ ስደተኛ። ቃሉ ራሱ ተይዟል። የኔ ልመና ከዚያ ያነሰ ነው፦ ውሻው በየደጁ ይኑር፣ ባለቤቱ ያብላው፣ መንግሥት በዓመት አንድ ጊዜ ያስከትበው፤ ውሻ የሚገደልበት መርዝም ይቅር።

ነሐሴ 2013 ላይ፣ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የሸሸው ሰው ሊማሊሞን እየወጣ ደባርቅ ሲገባ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ምጣድ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የሚጎትት አለ። አንዲት እናት ቡናማ ውሻ በገመድ ይዘው ይመጣሉ። «እማማ፣ ይሄንን ደግሞ ለምን አመጡት?» አልኳቸው፤ ያኔ እኔም የሚኒባሱ ሰውዬ ነበርኩ ማለት ነው። «ሌሊት ጮሆ ያስነሳን እሱ ነው ልጄ፤ ታዲያ ጥዬው ልምጣ?» አሉኝ። አፈርኩ። ዳባት ውስጥ ጭና ላይ በዚያው ሰሞን የተፈጸመውን ግድያ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ሌሊት የሚጮህ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ ግን የዳባት ገበሬ እኔን ያስተምረኛል እንጂ እኔ እሱን አላስተምረውም።

ሁሉም እንደ እማማ አልታደለም። ጌታው የሞተበት ወይም የተሰደደበት ውሻ ወደ ከተማ ይወርዳል፤ እዚያም ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ ከየበሩ ይባረራል። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በበረዶ የሚጓዘው ክትባትም ይቀራል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይሉ የለ? ባልተከተበ ውሻ በኩል የሚገባው ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከውሾቹ ከመቶ 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። መርዝ ግን ይህን አያደርግም፤ የሞተው ውሻ ቦታ በሌላ ያልተከተበ ውሻ ይሞላል። ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ በመርዝ ሰሞን የተመረዘውን ሥጋ የሚያድሉት ሰዎች የተከተበውንና ያልተከተበውን ሲለዩ አላየሁም። ሬሳው ላይ የሚወርደው ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል።

ስሜን ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ በሽታው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 አይሞሉም። ባሌ ዌብ ሸለቆ ላይ በ1996 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ገደማ ጨረሰ። ለዚህ ነው በባሌ የቀበሮ ጥበቃ ሰዎች በየዓመቱ የገበሬውን ውሻ እየዞሩ የሚከትቡት። ቀበሮውን የፈለገ ውሻውን ይይዛል።

«እኛ ሀገር እንስሳ ማዳን የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚለኝ ደግሞ ተረፈን እጠራለሁ። ግንቦት 2012 ላይ እዚሁ ስሜን ፓርክ ውስጥ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩን በጥይት ተመትቶ፣ አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ። የቀበሮ ጥበቃ ሰዎች ይዘው 51 ቀን አከሙት። ስሙን ተረፈ ያሉት ሌት ተቀን የጠበቁት የእኛው ሰዎች ናቸው። ሲድን አንገቱ ላይ መከታተያ አስረው ለቀቁት፤ ተራራው ተቀበለው፤ በኋላም ወለደ። ተረፈ ከተለቀቀ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጦርነቱ ጀመረ፤ እኛ በተራችን የምንተርፍና የማንተርፍ ሆንን።

ከዚያ ወዲህ የእኔ ሰፈር ልጆች የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ግድግዳ ሥር ይለጠፋሉ። ማንም አላሳያቸውም፤ ውሻዋም ማጎንበስን ያወቀችው እንዲሁ ነው። ስለ ውሻ ልጽፍ ተነስቼ ስለ ልጆች መጻፌን አሁን ነው ያየሁት። ይሁን፤ አልሰርዘውም።

ሐሙስ ዕለት ወደ መናኸሪያው ተመለስኩ። አላጎነበስኩም። ቀጥ ብዬ ቆሜ አጥንቱን ለቀቅኩትና ፊቴን ወደ ሚኒባሶቹ አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ስም ላወጣላት አስቤ «ተረፈች» ልል ነበር። ገና መትረፏን ስላላወቅኩ ተውኩት።