የጓሮው አትክልት ለልጆችም ይድረስ

የአትክልት ልማት በተነሣ ቁጥር በገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ሪፖርት የሄክታርና የኩንታል ነው። ስንት ሄክታር በሽንኩርት እንደተሸፈነ፣ ስንት ኩንታል ካሮት ለገበያ እንደቀረበ በዝርዝር ይነገራል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ለአምራቹ ልጆች እንደደረሰ ግን የሚጠይቅ አይገኝም። ከመቂና ከባቱ አካባቢ ቲማቲም፣ ከፎገራ ሜዳ ሽንኩርት በመኪና እየተጫነ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ የምሥራቅ ሐረርጌውም ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። መሸጡ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ማዳበሪያውም ሆነ የልጆቹ ደብተር የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። የሚያስወቅሰው ካሮት በጆንያ በወጣበት ቤት ያለ ሕፃን ጧትም ማታም እንጀራ በሽሮ ብቻ እየበላ ሲያድግ ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 38ቱ መቀንጨራቸውን፣ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው መካከልም በዓይነቱ የተሟላ ምግብ ያገኙት ከ100ው 14ቱ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. ሲታወጅ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ግብ ተይዟል። እርግጥ መቀንጨር በአትክልት እጦት ብቻ አይመጣም፤ የእንቁላል፣ የወተትና የንጹሕ ውኃ እጦትም አለበት። ዳፍንት ግን የቪታሚን ኤ ማነስ የሚያመጣው ሲሆን፣ መከላከያው ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች በጓሮ የሚበቅሉ ናቸው።

«ልጁ አይወድም» የሚለው ምክንያት በየቤቱ ይሰማል። ልጁ ይህን ከማን ተማረው? ጎመን በብዙ አካባቢ የክረምት ችግር ማለፊያ ተደርጎ ይታያል፤ መስከረም ሲጠባም የጎመኑ ምንቸት ወጥቶ የገንፎው እንዲገባ ይመረቃል። አባት ጎመኑን ወደ ገበታው ጠርዝ እየገፋ ወጡን ብቻ ሲያጠቅስ ልጁ ያያል። በኮንሶ ግን የሽፈራው ቅጠል ከማሽላ ድብልብል ጋር እየተቀቀለ የዘወትር ምግብ በመሆኑ፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለምዶት ያድጋል። የቅጠሉ ምሬት ከጎመን አያንስም።

ለልጅ ሲሠራ ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያረጀ ቅጠል ይመራል፤ ለጋው ተቀጥፎ፣ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በደቃቁ ተከትፎ ሳይበዛበት ሊበስል ይገባል። ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ቢደረግበት ቪታሚን ኤው ለሰውነት ይሠራል። የልጁ ድርሻ በርበሬና ሚጥሚጣ ሳይገባ ቀድሞ ይነሣለት፤ ብዙ ጊዜ አትክልቱን የሚያስጠላው ማቃጠሉ ነውና። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ሊሰጠው ይችላል። አንድ ጊዜ ተፋ ተብሎ መተው አይገባም፤ ሕፃን አዲስ ጣዕም የሚለምደው ስምንት፣ አሥር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲቀምስ ነው። በቁጣ ማስዋጥ ግን ጥላቻውን ያጠነክራል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የአባት ጉርሻ ነው፤ አባት ራሱ ጎርሶ፣ ቀጥሎ ልጁን በጎመን የተጠቀለለ ጉርሻ ቢያጎርሰው እምቢ የሚል ልጅ ጥቂት ነው። ለብቻው መደብ ተሰጥቶት ዘርቶ፣ አጠጥቶ የነቀለውን ካሮትም ልጅ ሳይለመን ይበላዋል።

እዚህ ላይ የማኅበሩ መሪዎች ድርሻ ትልቅ ነው። የምግብ ዝግጅት ሠርቶ ማሳያ ሲጠራ እናቶች ብቻ ይመጣሉ፤ ለገበያ የሚሄደውንና ለቤት የሚቀረውን የሚወስኑት አባቶች ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ይህ ልማድ ስብሰባውን ግማሽ ዋጋ ያሳጣዋል። ጉዳዩ በጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ተይዞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የልማት ሠራተኛው በአንድነት እንዲያስረዱ ማድረግ የመሪው ሥራ ነው። ዘሩንም በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል አንድ ላይ መግዛት ይቻላል፤ የሐበሻ ጎመን ዘር እንኳ በየጓሮው ሊቀር ይችላል። ከውኃ ቦንቧው የሚፈሰው ትርፍ ውኃ የሚያርፍበት ጥግ ለት/ቤቱ ተማሪዎች መደብ ይሁን፤ ዶሮና ፍየል እንዳይገባ በእሾህ ይታጠር። መሪው በራሱ ጓሮ ሳይጀምር ሌላውን ቢያዝ ሰሚ አያገኝም።

ክረምቱ ሲያበቃ መሬቱ እርጥበት እንዳለው ሁለት ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ መደብ ለመጀመሪያ ይበቃል። ቆስጣና ጎመን ከሥር ሳይነቀሉ ቅጠላቸው እየተለቀመ ለብዙ ሳምንት ይበላሉ፤ ካሮት ግን ችግኙ ተነቅሎ ስለማይዛወር እዚያው መደቡ ላይ ሊዘራ ይገባል።