በረዶን ከሰማይ መመዘን
በእኛ አገር በረዶ ሲባል ትዝ የሚለን ከዝናም ጋራ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ የሚወርደው ነው። በሰሜኑ ዓለም ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ እየረገፈ ምድሩን ለወራት የሚያለብስ ሌላ ዓይነት በረዶ አለ። ብርዱ ሲያልፍ ይህ በረዶ ቀልጦ ወንዙን ይሞላል፤ ግድቡንም ይመግባል። እንግዲህ በምድሩ ላይ ምን ያህል ውሃ እንደ ተከማቸ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ግምቱ ቢያንስ ጎርፍ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ቢበዛ የግድቡ ውሃ በከንቱ ይለቀቅና በኋላ እጥረት ይሆናል።

ይህን ሁሉ በረዶ በዘንግ እየለኩ መጨረስ አይቻልም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ኒምቡስ 7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ከወጣች ወዲህ ግን ከጠፈር የሚደረገው ልኬት ሳይቋረጥ ቆይቷል። መሣሪያው ፎቶግራፍ አያነሣም፤ ምድር ራሷ የምትሰጠውን ማይክሮዌቭ የተባለ ደካማ ጨረር ይቀበላል። ይህን ጨረር ጨለማ አይከለክለውም፤ ደመናም እምብዛም አያግደውም። የበረዶው ቅንጣት ግን ይበትነዋል። 8 ሚሊ ሜትር የሚያህለው አጭር ሞገድ ብዙ ሲበተን፥ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚበልጠው ረጅም ሞገድ ግን ብዙ ሳይነካ ያልፋል። የሁለቱ ልዩነት ሲሰፋ በረዶው ወፍራም ነው ይባላል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ዳሩ ግን የብርዱ ወራት በገፋ ቁጥር ቅንጣቱ ራሱ ያድጋል። ስለዚህ ቅንጣቱ የተለቀ ስስ በረዶ፥ ቅንጣቱ ከደቀቀ ወፍራም በረዶ ጋራ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። መቅለጥ የጀመረውም እርጥብ በረዶ ጨረሩን ውጦ የራሱን ስለሚሰጥ፥ ከሥሩ ያለውን ይሰውራል።

ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሊቃውንቱ የበረዶውን ውፍረት፥ ሙቀት፥ የታመቀበትን ልክና የቅንጣቱን መጠን ያስገባሉ፤ ኮምፒዩተሩም ከዚያ ዓይነት በረዶ ምን ያህል ጨረር እንደሚወጣ ያሰላል። ስሌቱ ሳተላይቷ ከተቀበለችው ጋራ እስኪገጥም ግምቱ ይታረማል። በ1999 የሄልሲንኪ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ስሌት አሳትመዋል።

ሆኖም ስሌት ብቻውን አልበቃም። ከ2009 እስከ 2013 በሰሜን ፊንላንድ፥ በሶዳንኪላ፥ የጨረር መቀበያው በማማ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፥ ሰዎች በአጠገቡ በረዶውን በአካፋ እየቆፈሩ ቅንጣቱን ይለኩ ነበር። የሳተላይቷ ቁጥር የሚታመነው እንዲህ ያለ ምስክር ሲያገኝ ነው።

አንባቢዎች ሆይ፥ እናንተም በጠረጴዛችሁ ላይ ጥርት ያለ ቁጥር ሲቀርብላችሁ፥ ከመፈረማችሁ በፊት «አካፋውን የያዘው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።