በራሱ መሳቅ ስለማይችል ሰው

በአገራችን ሰውን ሲያመሰግኑ «ከባድ ሰው ነው፤ ጥርሱን አያሳይም» ይላሉ። ሲነቅፉ ደግሞ «ቀላል ነው» ይላሉ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ግንባርን መቋጠር የክብር ምልክት፥ መሳቅ ግን የውርደት በር መስሎት ይኖራል። እኔ ይህን አሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። ክብር የሚገኘው ፊትን በማኮሳተር ቢሆን ኖሮ በሬ ከሰው ሁሉ ይልቅ በተከበረ ነበር፤ እርሱ ሲስቅ ያየ የለምና።

የሚያስቅ ነገር የሌለበት ሰው ከሴት አልተወለደም። አንዱ ሲዘፍን ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሌላው የወዳጁን ስም ይዘነጋል፤ ሦስተኛው ጫማውን አሳምሮ ወልውሎ ሲያበቃ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ይህን የሰውነት ዕጣ ዐውቆ ከሰው ቀድሞ የሚስቅ ሰው ዐርፎ ይኖራል። በራሱ መሳቅ የማይችል ሰው ግን መንገድ ላይ ድንጋይ ቢያደናቅፈው፥ የእግሩን ጣት ከማየቱ በፊት ማን እንዳየው ዞሮ ይመለከታል። እንግዲህ ይህ ሰው የታመመው ጣቱን ነው ወይስ ልቡን?

ኮስታሮች «ይህ የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ አባቶቻችን ክብራቸውን የሚያስደፍሩ አልነበሩም» ብለው ይከራከራሉ። አባቶቻችን ኩሩዎች እንደ ነበሩ አልክድም። ዳሩ ግን ለኩራታቸው ልጓም አበጅተውለት ነበር። በገና ጨዋታ ቀን ጌታና አሽከር እኩል ይሰለፉ፥ ጌታውም በግጥም ይሰደብ ነበር፤ በዚያ ቀን መቆጣት ግን ነውር ነበር። በጠጅ ቤትም አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ የእንግዳውን ራሰ በራነት፥ የሆዱን መስፋትና የኪሱን መጥበብ እያነሣ ሲዘልፈው፥ እንግዳው ስቆ ይሸልመዋል። ይህ ልማድ በአዲስ አበባና በጎንደር አዝማሪ ቤቶች ዛሬም አልጠፋም። ለዘለፈው ሰው ገንዘብ የሚሰጥ ሕዝብ በራሱ መሳቅ አያውቅም ሊባል አይቻልም።

አለቃ ገብረ ሐናንም ተመልከት። በዐፄ ቴዎድሮስና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የነበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፥ ይልቁንም የአቋቋም መምህር ነበሩ። ቀልዳቸው ከሊቅነታቸው አንዲት ፊደል አልቀነሰባቸውም። ስለ እርሳቸው ከሚነገሩት ወጎች አንደኛው ደግሞ እርሳቸው ራሳቸው የተረቱበት ነው። አህዮች የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደርሽ የአህዮች እናት» ቢሏት፥ «ደኅና ልጄ» ብላ መለሰችላቸው ይባላል። ይህ ወግ ስማቸውን አላዋረደውም፤ ከረቱባቸው ወጎች ጋር እኩል ይወደዳል።

እኛ ግን ከአባቶቻችን ኩራቱን ብቻ ወርሰን ልጓሙን ጣልነው። ጉዳቱም ትንሽ አይደለም። በርስትና በገንዘብ ሳይሆን፥ በመጠጥ ቤት በተነገረች አንዲት ቃል ስንት ደም ፈሷል! አንዱ በቀልድ ይናገራል፤ ሁለተኛው «ተደፈርሁ» ብሎ ይነሣል፤ በማግሥቱ አንዱ ወደ መቃብር፥ አንዱ ወደ ወህኒ ይሄዳል፤ ልጆቻቸውም ደመኛ ሆነው ያድጋሉ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስድብን የሚቀጣ አንቀጽ ነበረው፤ ይህም ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ዳኛ ተሳዳቢውን ይቀጣ እንደ ሆነ ነው እንጂ የተሰዳቢውን ኩራት ሊፈውስ አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳት በትምህርት ቤት ነው። ብዙ ዘመን ሳስተምር ከሰነፎቹ ይልቅ ያሳዘኑኝ፥ ዕውቀት እያላቸው እንዳይሳቅባቸው ፈርተው አፋቸውን የዘጉ ልጆች ናቸው። እየተሳሳተ ሳይናገር እንግሊዝኛን አጥርቶ የተናገረ ማንም የለም፤ እነርሱ ግን ስሕተቱን ዘለው ትክክሉን ሊይዙ ይፈልጋሉ። ይህን ፍርሃት ከማን ተማሩት? ከአባታቸውና ከአስተማሪያቸው ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳሳተውን ፊደል ተማሪ ቢያመለክተው የሚቆጣ አስተማሪ፥ አንዲት ፊደል ለማዳን ብሎ ክፍሉን በሙሉ ዲዳ ያደርጋል።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩ። አንድ ቀን በአማርኛ ሲመክሩን «ጥልን ከመካከላችሁ አርቁ» ለማለት ፈልገው «ትልን ከመካከላችሁ አርቁ» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እርሳቸውም ምክንያቱን ጠይቀው በተረዱ ጊዜ ሁለቱን ቃላት በሰሌዳው ላይ ጻፉና ከመካከላችን ትንሹን ልጅ ጠርተው «አንተ አስተምረኝ» አሉት። ከዚያም «ጥ፥ ጥ» እያሉ እስኪሆንላቸው ደጋገሙ፤ ከሁላችንም የበለጠ የሳቁት እርሳቸው ነበሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእርሳቸው ክፍል እንግሊዝኛ ለመናገር እጁን የማያነሣ ልጅ አልነበረም። ምክራቸውንም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይሁን እንጂ ነገሬን አጣምሞ የሚይዝ እንዳይኖር አንድ ቃል ልጨምር። በድኻ፥ በአካል ጉዳተኛ፥ በሌላው ሰው ወገንና ቋንቋ መሳቅ ግፍ ነው እንጂ እኔ የምለው ሳቅ አይደለም። እንጀራ ለማግኘት በጌታው ፊት ራሱን የሚያዋርድ ሰውም በራሱ ሳቀ አይባልም፤ ጥርሱ ሲስቅ ልቡ ያለቅሳልና። ርኃብና ሞትም የቀልድ ስፍራ አይደሉም። እኔ የምለው፥ ሥራህን አክብደህ፥ ራስህን ግን አቅልለህ ያዝ ነው። የእኛ ነገር የዚህ ተቃራኒ ሆኗል፤ ቀጠሮ በሁለት ሰዓት አሳልፈን ስንመጣ ምንም አይሰማንም፤ ስማችን ያለ «አቶ» ወይም ያለ «ዶክተር» ቢጠራ ግን እንቆጣለን።

አንባቢዬ ሆይ፥ አንተ ባትስቅም ጎረቤቶችህ በአንተ መሳቃቸውን አይተዉም፤ ከደስታው የምትለይ አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆችህን ሰብስበህ በቀን የደረሰብህን አንድ የሚያስቅ ነገር ንገራቸው። አባቱ ወድቆ ስቆ ሲነሣ ያየ ልጅ፥ እርሱም በተራው ሲወድቅ ዞሮ ማን እንዳየው ሳይመለከት ይነሣል።