የማኅበር ገንዘብና የግል ገንዘብ በአንድ ስልክ አይደሩ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በቆሰበርና በአካባቢዋ ገበሬው ምርቱን ሸጦ ገንዘቡን የሚቀበልበት መንገድ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በእጅጉ ተለውጧል። የድንቹ፣ የገብሱና የቀርከሃው፣ እንዲሁም ከፋግታ ለኮማ በኩል የሚጫነው የዲከረንስ ከሰል ዋጋ ቀድሞ በመቀነትና በኮት ኪስ ተቋጥሮ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ነጋዴው አዲስ አበባ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካ ገንዘቡ ከሻጩ ሒሳብ ይገባል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል፤ ባንኮችም በየፊናቸው የስልክ አገልግሎታቸውን አስፋፍተዋል። በዚህም ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ከመሄድ ሥጋትና ለአንድ ክፍያ የሥራ ቀን ከማባከን ድኗል። ጥቅሙ የሚያከራክር አይደለም።

ነገር ግን ከጥቅሙ ጋር ተያይዞ የመጣና ብዙ ያልተነገረለት አንድ ችግር አለ። ይኸውም ገንዘብን ከታሰበው ሒሳብ ሳይሆን ከሌላ ሒሳብ ማዘዋወር ነው። ችግሩ በአንድ ግለሰብ ላይ ሲደርስ ግራ ኪስን ከቀኝ ኪስ እንደ ማሳሳት ያለ ነው። በማኅበር መሪ ላይ ሲደርስ ግን የብዙ አባወራዎችንና እማወራዎችን እምነት የሚነካ ይሆናል። ስለዚህ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ጉዳዩን በቸልታ ሊያዩት አይገባም።

ስህተቱ እንዴት ይደርሳል?

ብዙ ጊዜ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አንድ ስልክ ብቻ ነው ያለው። በዚያው ስልክ የራሱን የቁጠባ ሒሳብ ያንቀሳቅሳል፤ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ከአባላት የተሰበሰበውም መዋጮ፣ ለሥራ ይቀላል ተብሎ፣ በእርሱ ስም በተከፈተ ሁለተኛ ሒሳብ ይቀመጣል። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ደግሞ አገልግሎቱ የሚገኘው በአጭር ቁጥር ነው። ስልኩ ሒሳቦቹን 1፣ 2 እያለ ይዘረዝራል፤ ገንዘቡ ከየትኛው ይውጣ ብሎም ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ አንድ ጣት ስትስት አንድ ሒሳብ ይሳታል።

ለምሳሌ ገንዘብ ያዡ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ገዛ እንበል። ባለሱቁ ይጠብቃል፤ ከኋላ ሌላ ገዢ ቆሟል፤ ገበያውም ሞቅ ብሏል። ገንዘብ ያዡ የባለሱቁን ስም በሚገባ አይቶ፣ የብሩን ልክ አረጋግጦ፣ የምስጢር ቁጥሩን ያስገባል። ተቀባዩ ትክክል ነው፤ ልኩም ትክክል ነው። ያልታየው ገንዘቡ የወጣበት ሒሳብ ብቻ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው የግል ቆርቆሮ በማኅበር ገንዘብ ተገዛ ማለት ነው።

ጯሂ የሌለው ስህተት

እዚህ ላይ መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ገንዘብ ለተሳሳተ ሰው የተላከ እንደሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። የሚጠብቀው ሰው «አልደረሰኝም» ብሎ ይጮኻልና። ከተሳሳተ ሒሳብ የወጣ እንደሆነ ግን የሚጮኽ የለም። ባለሱቁ ገንዘቡን አግኝቷል፤ ገዢውም ዕቃውን ይዞ ሄዷል። የገንዘቡ ባለቤቶች፣ ማለት የማኅበሩ አባላት፣ በየእርሻቸው ናቸው። ነገሩ ሳምንታት ቆይቶ የሚታወቀው ማዳበሪያ ሊከፈልበት ሲል ሒሳቡ ጎድሎ ሲገኝ ነው። ዝናብ ደግሞ የሒሳብ ማጣራት እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ባንኩም ቢሆን በዚህ ረገድ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ገንዘቡ ለተሳሳተ ሰው ሲላክ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ባለሱቁ ግን ዕቃውን ሸጦ የሚገባውን ዋጋ የተቀበለ በመሆኑ «መልስ» ሊባል የሚችልበት ምክንያት የለም። በማኅበሩ ገንዘብ የተጠቀመው ገንዘብ ያዡ ራሱ ነው። ስለዚህ በቁጥር 2162 እንደተመለከተው፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ንብረት የተጠቀመ ሰው በተጠቀመበት ልክ የመካስ ግዴታ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

ከትልልቆቹ የሚገኝ ትምህርት

እንዲህ ያለው ስህተት የመሃይምነት ውጤት የሚመስላቸው ይኖራሉ፤ ተሳስተዋል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲቲባንክ የተባለው ታላቅ ባንክ ሬቭሎን የተባለ ኩባንያ ላለበት ብድር 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሊከፍል ሲል፣ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከራሱ ካዝና ለአበዳሪዎቹ ላከ። ዋናው ብድር በባንኩ የውስጥ ሒሳብ ላይ መቅረት ሲገባው በኮምፒዩተሩ ላይ መሞላት ያለባቸው ቦታዎች በትክክል ባለመሞላታቸው ወደ ውጭ ወጣ። ክፍያውን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አይተው አጽድቀውት ነበር። ከአበዳሪዎቹ ከፊሎቹ አንመልስም ብለው በ2013 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ረቱ፤ ባንኩ በይግባኝ ያሸነፈው በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፈራሚ የፊተኛውን አምኖ ብቻ የሚፈርም ከሆነ የፊርማ መብዛት ገንዘብን እንደማይጠብቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአገራችንም መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሠራሩን ሲያሻሽል በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያዘዋውሩ አደሩ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መውጣቱን ባንኩ በኋላ አስታውቋል። በፈቃዳቸው የመለሱት እንደማይከሰሱ ተነገራቸው፤ ያልመለሱት ግን ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ሳይቀር ለሕዝብ ወጣ። በዚያን ጊዜ ሰው የተለየው ገንዘቡ እጁ በመግባቱ ሳይሆን፣ ነገሩን ካወቀ በኋላ ባደረገው ነው። በማኅበር ውስጥም መለኪያው ከዚህ የተለየ መሆን የለበትም።

ምን መደረግ አለበት?

ከሁሉ በፊት የማኅበር ገንዘብ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ ሊቀመጥ አይገባም። የሒሳቡ ባለቤት ማኅበሩ ራሱ ሆኖ፣ ገንዘብ የሚወጣው ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች ፊርማ ይሁን። በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መክፈል ግድ ቢሆን፣ አንዱ ክፍያውን አዘጋጅቶ ሌላው የሚያጸድቅበትን አሠራር ከባንኩ ቅርንጫፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያጸድቀውም ሰው የተቀባዩን ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ የሚወጣበትን ሒሳብ ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ። በገጠር ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ለእድር ሣጥን ቁልፉን ለተለያዩ ሰዎች መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ስልክ መጣ ተብሎ ይህ ጥበብ መቅረት የለበትም።

ሁለተኛ፣ የምስጢር ቁጥርን ለልጅ ወይም ለጎረቤት ሰጥቶ «አንተ ክፈልልኝ» ማለት መቆም አለበት። ማንበብ የሚቸግረው ገንዘብ ያዥ ካለ ጉድለቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ነው፤ የሚያነብ ረዳት በጉባኤ ይመደብለት።

ሦስተኛ፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቅ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ሥራ አመራር ኮሚቴንና ቁጥጥር ኮሚቴን ለየብቻ ያቋቋመው አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያይ ነው። በተለይ የግብዓት መዋጮ በሚሰበሰብበት ወቅት በየሳምንቱ የባንኩን ዝርዝር ከደረሰኞች ጋር ማመሳከር ቀላል ሥራ ነው። ጯሂ የሌለውን ስህተት ሊያጋልጥ የሚችለውም ይኸው ብቻ ነው።

ተሳስቶ የተገኘ እንደሆነስ?

እዚህ ላይ ሁለት መጥፎ ልማዶች አሉ። አንደኛው ገንዘብ ያዡ ስህተቱን እንዳወቀ ለማንም ሳይናገር ገንዘቡን መልሶ ማስገባቱ ነው። ምንም ያልጎደለ ይመስላል። ነገር ግን በባንኩ ዝርዝር ላይ አንድ ምክንያት የሌለው ወጪና አንድ ምክንያት የሌለው ገቢ ይቀራል። ይህም ከማኅበሩ ሣጥን በድብቅ ተበድሮ ከመለሰ ሰው ሥራ አይለይም። እውነቱን ተናግሮ ሊመሰገንበት ይችል የነበረው ሰው ዝም በማለቱ ተጠርጣሪ ይሆናል።

ሁለተኛው ልማድ የመሪዎቹ ነው። ስህተቱን በግልጽ የተናገረውን ሰው በጉባኤ ፊት ሌባ ብሎ ማዋረድ ቀጣዩን ሰው ዝም እንዲል ማስተማር ነው። እርግጥ ይሉኝታ ይዟቸው «ይቅር» ብለው ሳይመዘግቡ የሚያልፉም አሉ፤ እነዚህም ከቀድሞዎቹ የተሻሉ አይደሉም።

ትክክለኛው መንገድ አጭር ነው። ገንዘብ ያዡ በዚያው ቀን ለሊቀ መንበሩና ለቁጥጥር ኮሚቴው ያሳውቅ፤ ገንዘቡን ከራሱ ሒሳብ ይመልስ፤ ቀኑ፣ ልኩና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ የሁለቱም ክፍያ ማስረጃ ይያያዝ። የማኅበሩን ዕዳ በስህተት ከግል ሒሳቡ የከፈለም ገንዘቡን የሚወስደው በራሱ ሥልጣን ሳይሆን በዚሁ ሥርዓት ነው። ገንዘቡ ለተሳሳተ ሰው ሄዶ ከሆነ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቅርንጫፉ መሄድ፣ ወይም ለንግድ ባንክ በ951፣ ለቴሌብር በ127 መደወል ነው።

ስልክ ለገበሬው የመጣ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ማረሻም ጠቃሚ ነው፣ ግን ካልተያዘ እግር ይቆርጣል። መሪዎች የመኸሩ ግብዓት ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት በሚያደርጉት ስብሰባ «የማኅበራችን ገንዘብ በማን ስልክ ላይ ነው ያለው?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያ ተራ አስይዘው፣ መልሱን በቃለ ጉባኤ ሊያሰፍሩ ይገባል።